ማብቂያ ያለው ደንብ

በዘንድሮው የትምህርት ዘመን የኮምፒውተር ክበባችን ተማሪዎች የትምህርት ቤታችንን የክፍያ ደንብ ለልምምድ ያህል ድሩልስ በተባለ የንግድ ደንብ መጻፊያ ቋንቋ ጽፈውት ነበር። ከዚህ ሥራ እኛም መምህራኑ ስለተማርን፣ ለወላጆችም በሚገባ መልኩ በአጭሩ ልናብራራው ወደድን።

በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ሥራን የሚደጋግም «ዋይል ሉፕ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ኮምፒውተሩ በየዙሩ መጀመሪያ አንድ ሁኔታ ይመረምራል፤ እውነት ከሆነ ሥራውን ሠርቶ ተመልሶ ይመረምራል፤ ሐሰት ሲሆን ያቆማል። በድሩልስ ግን ደንብ የሚጻፈው በሁለት ክፍል ነው፦ «እንዲህ ሲሆን» እና «እንዲህ አድርግ»። ደንቡ መረጃውን ለውጦ ለውጡን ካሳወቀ፣ ፕሮግራሙ ሁኔታውን እንደገና ያያል፤ አሁንም እውነት ከሆነ ያው ደንብ ዳግም ይሠራል። በዚህ መንገድ ሉፕ የሚል ቃል ሳይጻፍ ሉፕ ይፈጠራል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቤተሰብ 3,600 ሽልንግ ቀሪ ዕዳ አለበት፤ በየወሩ 900 ይከፍላል። ደንቡ «ቀሪው ከዜሮ ሲበልጥ 900 ቀንስ፣ አንድ ወር ቁጠር» ይላል። ቀሪው 2,700፣ 1,800፣ 900፣ በመጨረሻም 0 ይሆናል። ደንቡ 4 ጊዜ ሠርቶ ይቆማል፤ ዕዳው በ4 ወር እንደሚያልቅም እናውቃለን። ሊቆም የቻለው እያንዳንዱ ዙር ቀሪውን ወደ ዜሮ ስለሚያቀርበው ነው።

ተማሪዎቹ ቀጥለው የቅጣቱን ደንብ ጻፉ፦ «ቀሪው ከዜሮ ሲበልጥ 100 ጨምር»። 3,700፣ 3,800፣ 3,900 እያለ ፕሮግራሙ አልቆም አለ። ቅጣቱ ራሱ ዕዳውን ስለሚያሳድገው ሁኔታው መቼም ሐሰት አይሆንም። ድሩልስ አንድ ደንብ ራሱ ባመጣው ለውጥ ዳግም እንዳይነሣ የሚያግድ «ኖ-ሉፕ» የሚባል ምልክት አለው፤ ሌላ ደንብ መረጃውን ሲነካው ግን ቅጣቱ ሊመለስ ይችላል። ተማሪዎቹ አስተማማኙን መንገድ መረጡ፤ ሁኔታው ላይ «በዚህ ተርም ቅጣት ካልተጨመረበት» የሚል አከሉበት።

እኛን ያስደነገጠን ስሕተቱ የተማሪዎቹ አለመሆኑ ነው። የጻፉት በመመሪያችን ላይ ያለውን ቃል በቃል ነበር። መመሪያችን ቅጣቱ ስንት ጊዜ እንደሚጣል አይናገርም። እስካሁን ወላጆችን የጠበቃቸው የገንዘብ ያዣችን አስተዋይነት እንጂ ደንቡ አልነበረም። ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቅጣት በአንድ ተርም ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይጣል መመሪያውን አሻሽለናል።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ለኮምፒውተርም ሆነ ለሰው ደንብ ስትጽፉ መቼ እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚያበቃም ጻፉ። መልካም የዕረፍት ጊዜ!