አምቡላንስ ላይ መሥራት ያዋጣል?

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ልጅ «የሕክምና ሥራ እፈልጋለሁ» ሲል የሐበሻ ወላጅ ደስ ይለዋል። ዶክተር ወይም ነርስ ማለቱ ይመስለዋል። «አምቡላንስ ላይ ነው የምፈልገው» ሲል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ስንት ይከፍላሉ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ከገንዘቡ እንጀምር።

በአሜሪካ አምቡላንስ ላይ በብዛት የምታገኟቸው ሁለት ዓይነት ባለሙያዎች ናቸው። ኢኤምቲ የመጀመሪያውን እርዳታ ይሰጣል፦ ደም ያቆማል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ልብ ሲቆም ደረት ይጫናል። ሥልጠናው 150 ሰዓት ገደማ ነው። ፓራሜዲክ ግን ከ1,000 ሰዓት በላይ ይማራል፤ መድኃኒት በደም ሥር መስጠትም ይችላል።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው፣ በሜይ 2024 የኢኤምቲ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 41,340 ዶላር ነበር። ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። በሰዓት ሲሰላ 20 ዶላር ገደማ ነው። ፓራሜዲክ 58,410፣ ነርስ ደግሞ 93,600 ዶላር። ስለዚህ ወላጆች የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ኪራይ ብቻውን የሚከፍል ሰው በ41,000 ዶላር ይቸገራል።

ሕይወት የሚያድን ሰው ለምን እንዲህ ትንሽ ይከፈለዋል? አንዱ ምክንያት የሂሳቡ አሠራር ነው። ለአረጋውያን የሚከፍለው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ለአምቡላንስ የሚከፍለው በሽተኛውን ለማጓጓዝ ነው። ኢኤምቲ እቤት ድረስ መጥቶ፣ ሰውየውን ረድቶ፣ ሆስፒታል ሳይወስደው ቢመለስ፣ ብዙውን ጊዜ ለዚያ ድካም ክፍያ የለም። ሙያው ሕክምና ሆኖ ሂሳቡ እንደ ታክሲ ነው።

የምትቀጠሩበት ቦታም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የግል የአምቡላንስ ድርጅት ቶሎ ይቀጥራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ደመወዙ ዝቅተኛ ነው። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ለመግባት ይከብዳል፤ የከተማ ወይም የካውንቲ ሠራተኛ ስለምትሆኑ ግን የጡረታ አበልና የደመወዝ እድገት አለው። በዋሽንግተን ዲሲ እሳት የሚያጠፋው ሰው ራሱ ኢኤምቲ መሆን አለበት። ሜሪላንድ የምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ በበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ጣቢያ አባል የሆነ ሰው ሥልጠናውን ያለ ክፍያ ሊወስድ ይችላል። ኮሌጅ ገብቶ ከመክፈል በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን ጣቢያ መጠየቅ ይሻላል።

በእኔ አስተያየት ኢኤምቲነት ለሃያ ዓመት ልጅ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ እዚያው ለመቅረት ግን ይከብዳል። የሌሊት ፈረቃው ያደክማል፣ ሰው ማንሳቱ ወገብ ይጎዳል። ወደ ፓራሜዲክ ወይም ወደ ነርስነት ለሚሄድ ግን ጠቃሚ ልምድ ነው። የሐኪም ረዳት የሚያሠለጥኑ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በሽተኛ በማገዝ የተሠራ ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹ አምቡላንስ ላይ የተሠራውን ይቆጥራሉ። ስለዚህ «ዶክተር ሁን» የሚሉ አባትና «አምቡላንስ» የሚል ልጅ ያን ያህል አልተራራቁም።

አማርኛችሁም እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንዲት አሮጊት «ደረቴን ውጋት ያዘኝ» ወይም «ዓይኔን ጋረደኝ» ቢሉ፣ ቃሉን የሚያውቅ ኢኤምቲ ሰከንድ አያባክንም። «እማማ፣ የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። (ታላቅ ሰው ነውና «የሚያምሽ» አይባልም፤ በጭንቅ ሰዓትም ቢሆን።) አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሁለተኛ ቋንቋ ለሚናገር ሠራተኛ ተጨማሪ ይከፍላሉ። ስታመለክቱ አማርኛ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቁ።