የድንጋይ ካባ ገልባጮችን በሒሳብና በጥንቃቄ ማሠራት

ገበሬ በሬውን ጠምዶ ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት ጫንቃውን በእጁ ይዳብሳል። ቁስል ካገኘ ያን ዕለት አይጠምደውም። ቀንበሩንና ማረሻውንም ሳያይ አይነሳም። ይህ ከአባት የተወረሰ ልማድ የድንጋይ ካባ ከፍተው ገልባጭ መኪና ለሚያሠሩ የገጠር ማኅበራት ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ድንጋዩ ቢጠነክር በድማሚት ይፈነዳል፤ ገበያው ቢቀዘቅዝ ወራት ጠብቆ ይመለሳል፤ ያለ ቁጥጥር የሚነዳ መኪና ግን የማኅበሩን ገንዘብ ከመብላት አልፎ የሰው ሕይወት ያጠፋል።

እንደሚታወቀው፣ በአዲስ አበባ ዙሪያም ሆነ በሌሎች ከተሞች አቅራቢያ ከሚገኙ ካባዎች ጥቁር ድንጋይ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ እየወጣ ለመንገድና ለሕንፃ ሥራ ይውላል። ሥራው ለአካባቢው ወጣት እንጀራ ነው። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ገቢ በማኅበሩ እጅ እንዲቀር ከተፈለገ መሪዎቹ ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ አራት ጉዳዮች አሉ።

ሌላ መኪና ከመግዛት በፊት

ገበያ የደራ እንደሆነ በስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ሐሳብ «ተበድረን ሌላ መኪና እንጨምር» የሚል ነው። ውሳኔው ግን በሰዓት ቆጠራ መደገፍ ይኖርበታል። ለምሳሌ አንድ ሎደር ያለው ካባ እንውሰድ። ሎደሩ አንዱን መኪና በ10 ደቂቃ ይጭናል። መኪናው 25 ደቂቃ ተጉዞ፣ በ5 ደቂቃ ገልብጦ፣ በ20 ደቂቃ ይመለሳል። አንዱ ቢያጆ በድምሩ 60 ደቂቃ ወሰደ ማለት ነው። ሎደሩ በሰዓት ከ6 መኪና በላይ መጫን ስለማይችል፣ ሰባተኛው መኪና ቢገዛ ተራ ሲጠብቅ ከመዋል በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ የባንኩ ወለድ ግን ይቆጥራል። በአንጻሩ መኪናዎቹ 3 ብቻ ከሆኑ ሎደሩ ግማሹን ጊዜ ያለ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ለአንድ ሳምንት የመጫኛውን፣ የጉዞውንና የመጠበቂያውን ጊዜ ቢመዘግብ፣ የጎደለው መኪና ይሁን፣ ሎደር ይሁን ወይም የተበላሸው መንገድ መጠገን ይሁን በግልጽ ይታያል።

ጭነት ሲበዛ

ሁለተኛው ጉዳይ የጭነት ልክ ነው። የተፈጨ ጠጠር አንዱ ሜትር ኩብ 1.5 ቶን ያህል ይመዝናል። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገልባጭ እስከ አፉ ሲሞላ ወደ 24 ቶን ተሸከመ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ተቆልሎ ሲጫን ባሌስትራ ይሰበራል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ፍሬን ይዳከማል።

ጉዳቱ በመኪናው ላይ ብቻ አያበቃም። ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደ ሰፊ የመንገድ ሙከራ፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚያድግ ታውቋል። በዚሁ ስሌት ጭነቱ 20 በመቶ ብቻ ቢጨምር ጉዳቱ በእጥፍ ይበልጣል። የሚፈርሰው መንገድ ደግሞ የገበሬው እህል ወደ ገበያ የሚወጣበት፣ ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወሰድበት የቀበሌው መንገድ ነው።

ሾፌሩና ቁልቁለቱ

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉዳይ ሾፌሩ ነው። ሕዝቡ አይሱዙ የጭነት መኪናን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በፍጥነቱና ባደረሰው አደጋ ምክንያት ነው። ሆኖም ለፍጥነቱ ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ክፍያው በቢያጆ ብቻ የሆነ ሾፌር ይሮጣል፤ ሳያርፍ ያድራል፤ የላላ ፍሬን ይዞ «ይቺን ልጨርስ» ይላል። ናፍታ በዛ ተብሎ ሁልጊዜ የሚወቀስም እንደሆነ፣ ለመቆጠብ ሲል ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቶ ይለቀዋል። እንዲህ የተለቀቀን ባለ 24 ቶን ጭነት መኪና የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ፍሬን ደግሞ ረዥም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግልና መያዙን ያቆማል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ገበያ ወይም ትምህርት ቤት ካለ የሚከተለው ይታወቃል።

መፍትሔው ቋሚ ደመወዝ ከፍሎ፣ ያለ አደጋና ያለ ብልሽት ለተሠራ ወር ጉርሻ መጨመር ነው። ዳገቱ በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱም እንዲወረድ፣ የሞተር ፍሬንም እንዲያዝ መመሪያ ይውጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ደንግጓል። የሾፌር ዕረፍት እንደ ስንፍና መታየት የለበትም። ሾፌሩ ለመኪናው ዓይነት የሚበቃ የመንጃ ፈቃድ ያለው መሆኑም ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ይረጋገጥ። ፍሬኑ አያስተማምንም ብሎ መኪናውን ያቆመ ሾፌር ደመወዙ ሊቆረጥበት አይገባም። እንዲህ ያለው ሾፌር የማኅበሩን ንብረት ያዳነ ነውና በስብሰባ ላይ ሊመሰገን ይገባዋል።

ደብተርና ቁጠባ

አራተኛው፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የየዕለቱ ፍተሻና ምዝገባ ነው። በየማለዳው ሾፌሩና ረዳቱ ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውኃ፣ የጎማውን ነፋስና ብሎን፣ መብራቱንና ፍሬኑን ያዩ። የፍሬኑ የነፋስ ጋን ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ይፍሰስ። ሲገለብጡ መሬቱ ሜዳ፣ ከላይ ያለው አየር ከኤሌክትሪክ ሽቦ ነፃ መሆኑ ይታይ። ሣጥኑ ተነሥቶ ሳለ በጠንካራ ድጋፍ ሳይያዝ ማንም ሰው ሥሩ አይግባ።

ለየመኪናው አንድ ደብተር ይኑር። ቀኑ፣ ቢያጆው፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀዳው ናፍታ በሊትር፣ የተለወጠው ዕቃና የሾፌሩ ፊርማ ይስፈርበት። በአንድ መንገድ የሚመላለሱ ሁለት መኪናዎች የናፍታ ፍጆታቸው ቢራራቅ፣ ጥርጣሬና ሐሜት ሳይነሣ ደብተሩ ይናገራል። ምክንያቱ የሞተር ብልሽት ወይም የተሰረቀ ናፍታ መሆኑን ከዚያ በኋላ መካኒክ ይለየዋል።

ከእያንዳንዱ ቢያጆም ለጎማና ለመለዋወጫ ተቀንሶ ይቀመጥ። አንድ መኪና በቀን 6 ቢያጆ ለ26 ቀናት ቢሠራ 156 ቢያጆ ይሆናል። ከየቢያጆው 300 ብር ቢነሣ በወር 46,800 ብር ይጠራቀማል። ይህ ሳይደረግ ገቢው በሙሉ ለአባላት የተከፋፈለ እንደሆነ፣ 10 ጎማ ያለው ገልባጭ ጎማው ሲያልቅ ማኅበሩ ወደ አበዳሪ ደጅ ይሄዳል።

በሬ ሲደክመው ይቆማል፤ ቢመቱትም አይነሣም። መኪና ግን ነዳጅ እስካለው ድረስ ደክሞትም ይሄዳል። የሚያቆመው ሰው ያስፈልገዋል። ያንን ሰው መሾም፣ «አቁም» ባለ ጊዜም ከጎኑ መቆም የማኅበር መሪዎች ድርሻ ነው።