አረር ለምን መዳብ ይለብሳል?

ጥይት በአራት ነገሮች የተገጣጠመ ነው፦ ቀለህ፣ በውስጡ የታጨቀ ባሩድ፣ ከሥሩ ያለችው ማቀጣጠያና ከፊት የተሰካው አረር። ቃታ ሲሳብ ከአፈሙዝ የሚወጣው አረሩ ብቻ ነው። አረሩን መሐል ለመሐል ቢሰነጥቁት ውስጡ ግራጫ እርሳስ፣ ዙሪያው ቀላ ያለ ስስ ልባስ ሆኖ ይገኛል። ልባሱ በአመዛኙ መዳብ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እርሳስ ያለ መዳብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርቷል። ከባድ ነው፤ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በማገዶ እሳት አቅልጦ ማፍሰስ ይቻላል። አባቶቻችን አድዋ ላይ ከተዋጉባቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው የፈረንሳዩ ውጅግራ የሚተኩሰው 25 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ወረቀት የተጠቀለለበት የእርሳስ አረር ነበር። ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ ነው።

ነገሩን የለወጠው ጢስ አልባው ባሩድ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ይህን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለበል የተባለው 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ወጣ። የአረር ፍጥነትም በሰከንድ ከ600 ሜትር አለፈ። በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክሩ ጥምዝ ቦዮች አሉ። በዚያ ፍጥነት ለስላሳው እርሳስ ቦዮቹን መያዝ ያቅተዋል፤ እየተፋቀ ቱቦው ላይ ይለጠፋል፤ ዒላማም ይስታል። መፍትሔው ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው መኮንን ኤድዋርድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1882 ቱን በተባለችው ከተማ መዳብ የለበሰ አረር ሠርቷል። ልባሱ ቦዮቹን ይይዛል፣ እርሳሱ ክብደቱን ይሰጣል። ንጹሕ መዳብም በበኩሉ ቱቦ ውስጥ ቅሪት ስለሚተው፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 95 በመቶ መዳብና 5 በመቶ ዚንክ ያለው ቅይጥ ነው።

ልባሱ የሚሠራው በግፊት እንጂ በማቅለጥ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ከመዳብ ቅይጥ ዝርግ ላይ ክብ ሳንቲም መሰል ቁራጭ ይቆረጣል፤ በመጫኛ ማሽን ተጎድጉዶ እንደ ስኒ ይሆናል፤ ከዚያ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ውስጥ እየተገፋ ይረዝማል፣ ይሳሳል። መዳብ በተመታና በተሳበ ቁጥር ይጠነክራል፤ ሲግል ደግሞ መልሶ ይለሰልሳል። በመጨረሻ እርሳሱ ይገባበትና ሁለቱ አንድ ላይ ተጨፍልቀው ቅርጽ ይይዛሉ።

ይህ የፋብሪካ ሥራ ወደ ጓሮ ወርክሾፕ በሰፊው የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። አሜሪካ ውስጥ መዳቡም አረሩም ለጦር ሠራዊቱ ሲውል አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በካሊፎርኒያዋ ኦሮቪል ከተማ ፍሬድ ሀንቲንግተን፣ ተተኩሶ የተጣለ ትንሽ የናስ ቀለህ ወደ አረር ልባስ የሚለውጥ መሣሪያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 የተጀመረው ይህ ሥራ አርሲቢኤስ የተባለውን ኩባንያ ወለደ። ቬርነን ስፒርና ጆይስ ሆርናዲም በዚያው ቀለህ ነበር የጀመሩት፤ ሁለቱም በየስማቸው የሚጠሩ የታወቁ ፋብሪካዎችን አቁመዋል።

ሌሎች ደግሞ ለውኃ መስመር የሚያገለግለውን የመዳብ ቱቦ ሞክረዋል። ቀለህ አንድ ወገኑ የተደፈነ ነው፤ ቱቦ ግን ሁለቱም ጫፉ ክፍት ስለሆነ አንዱን መድፈን ግድ ነው። ፈተናው ግድግዳው ዙሪያውን እኩል ውፍረት እንዲኖረው ማድረግ ነው። የዘመኑ ፈጣን አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ከ3,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። በዚህ ሽክርክሪት ልባሱ በአንድ በኩል በጥቂቱ እንኳ ከወፈረ አረሩ ይንገዳገዳል።

ልባሱ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። አፍንጫው ላይ እርሳሱ የተጋለጠ አረር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተጠፍጥፎ ይሰፋል፤ ቁስሉም ይከፋል። ካልካታ አጠገብ በሚገኘው የዳምዳም መሣሪያ ፋብሪካ የተነሣ ዳምዳም የተባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣው የሄግ መግለጫ ልባሱ እርሳሱን ሙሉ በሙሉ ያልሸፈነ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ከልክሏል። ለአደን ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ክርክሩ ወደ እኛም መጥቷል። ፋሺስት ጣሊያን በወረራው ዘመን ኢትዮጵያውያንን በዳምዳም ተኳሽነት ስትከስ፣ ክሱን ለመርዝ ጋዟ ማመካኛ አድርጋው ነበር። የጋዝ ጦርነትን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ግን ራሷ ፈርማለች። የአረር ልባስ መጉደል በሕዝብ ላይ መርዝ ለማዝነብ ሰበብ ሊሆን አይችልም።