ኮሌስትሮሉ «ደህና» ለሆነ የስኳር ታማሚ ስታቲን ለምን ይታዘዛል?

በስኳር ሕመም ክትትል ላይ ያሉ ሰዎች ሐኪማቸውን ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፦ «ኮሌስትሮሌ ደህና ነው ተብሎ የለ? ታዲያ አቶርቫስታቲኑ ለምኔ ነው?» አቶርቫስታቲን ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒቶች አንዱ ነውና ተገቢ ጥያቄ ነው። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን ሁሉን አይናገርም።

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ሲኖር ጉበት ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። በዚህ ሳቢያ ኤልዲኤል የሚባሉት ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣቶች በመጠን ያንሳሉ፣ ይጠጥራሉ። የተሸከሙት ኮሌስትሮል ሲለካ ከጤነኛ ሰው ባይበልጥ እንኳ ቅንጣቶቹ በቁጥር ሊበዙ፣ የደም ቧንቧን ግድግዳ ሰርገው ሊገቡ ይችላሉ። ስኳሩ በበኩሉ ያንኑ ግድግዳ ይጎዳዋል።

ጉዳዩን ቁልጭ አድርጎ ያሳየው በ2004 የታተመው «ካርድስ» የተሰኘ ጥናት ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ የተካፈሉት 2,838 የዓይነት 2 ስኳር ታማሚዎች የልብ ሕመምም ሆነ ስትሮክ ገጥሟቸው አያውቅም፤ ኤልዲኤላቸውም ከፍተኛ የሚባል አልነበረም። ሆኖም እንደ ደም ግፊት ወይም ማጨስ ያለ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ስጋት ነበረባቸው። ከፊሎቹ በየቀኑ 10 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን፣ የቀሩት መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ቆመ፤ ዋና ዋና የልብና የደም ቧንቧ አደጋዎች በ37 በመቶ፣ ስትሮክ በ48 በመቶ ቀንሰው ነበር። ዛሬ ከ40 እስከ 75 ዓመት ላሉ የስኳር ታማሚዎች ስታቲን በመደበኛነት የሚመከረው እንዲህ ካሉ ማስረጃዎች በመነሳት ነው።

የስታቲን መነሻ ሻጋታ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ከ6,000 በላይ የፈንገስ ዓይነቶችን ፈትሾ በ1973 የመጀመሪያውን ስታቲን ለየ። መድኃኒቱ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል፤ ኮሌስትሮል ያጠረው ጉበትም ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን እየሳበ ያስገባል። ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር የሰውነታችን ኮሌስትሮል በአብዛኛው ከምግብ የሚገኝ ሳይሆን እዚያው ሰውነታችን ውስጥ የሚመረት መሆኑን ነው። ሁዳዴን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ያልቀመሰ ሰውም ጉበቱ ከሥራው አይጾምም።

ስታቲን ብቻውን ካልበቃ፣ ኮሌስትሮል ከአንጀት እንዳይመጠጥ የሚከለክለው ኢዜቲማይብ ይጨመራል። ውድ የሆኑ መርፌዎችም አሉ። ፌኖፋይብሬት ግን ትራይግሊሰራይድን ቢቀንስም፣ በስታቲን ላይ ተደርቦ በተሞከረበት ትልቅ የስኳር ታማሚዎች ጥናት የልብ አደጋን አልቀነሰም።

ስታቲን ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው፣ ግን ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም። የጡንቻ ሕመሙ ወሬ በበኩሉ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። በ2020 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከዚያ ቀደም ስታቲን አስቸግሯቸው ያቆሙ 60 ሰዎች መድኃኒቱንና ባዶ ክኒን እያፈራረቁ ሲወስዱ፣ በስታቲኑ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በባዶው ክኒንም ተሰምቷቸዋል። ያም ሆኖ ከባድ የጡንቻ ሕመም ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ለሐኪሟ ትንገር። ከዚህ ውጭ ግን «ኮሌስትሮልዎ ወርዷል» ስለተባሉ ብቻ ክኒኑን በራስዎ አያቁሙ፤ ያወረደው እሱ ነውና።