የወሎ ኦፓል፦ ብርቅነትና ጥራት ዋጋ ሲያወጡ

ላሊበላ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ወረድ ብለው ባሉት ሱቆች፣ ከእጅ መስቀሉና ከነጠላው ጎን ኦፓል ይሸጣል። ሁለት ደንጊያዎች በመጠን እኩል፣ ለማያውቅ ሰው በመልክም አንድ ሆነው ሳለ፣ አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ዋጋ ይጠራበታል። ገዥው ልታለል ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ሻጩም ልዩነቱን አስረድቶ ማሳመን ይቸግረዋል። ልዩነቱ ግን እውነተኛ ምክንያት አለው።

ከብርቅነት እንጀምር። አሜቴስጢኖስ በዮሐንስ ራእይ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም አሥራ ሁለተኛ መሠረት ሆኖ የተቆጠረ፣ ነገሥታትና ጳጳሳት ያጌጡበት ሐምራዊ ዕንቍ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራዚል ውስጥ ሰፊ ክምችት ሲገኝ ዋጋው ወደቀ። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ጥንካሬውም አልጎደለም፤ ስለበዛ ብቻ ረከሰ። የእኛም አባቶች ይህን ሕግ ያውቁት ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱምን ምድር ያየው ነጋዴ ኮስማስ፣ ኢትዮጵያውያን ብሌምዮች ከሚባሉ ሕዝብ መረግድ እየገዙ ሕንድ ወስደው እንደሚሸጡ ጽፏል። ትርፉ የሚገኘው ደንጊያው ካለበት ወደሌለበት በማሻገር ነበር።

ወደ ኦፓል ስንመጣ፣ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውስትራሊያ ነበር። የዓለምን ገበያ ከሞላ ጎደል ብቻዋን ትመግብ ነበር፤ የላይትኒንግ ሪጅ ጥቁር ኦፓል እስከ ዛሬ የዋጋው ጣሪያ ነው። ኢትዮጵያ ገበያው ላይ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በሰሜን ሸዋ መዘዞ ኦፓል ነው። ደንጊያው ከላይ ቡናማ ድቡልቡል፣ ሲፈለጥ ውስጡ በቀለም የሚንቦገቦግ፣ ብርቅና ውብ ነበር። ብዙው ግን ከቆይታ በኋላ ይሰነጠቃል። የከሰረ ገዥ ደግሞ አይመለስም፤ «የኢትዮጵያ ኦፓል አይጸናም» የሚለው ክፉ ስም ከዚያ ተነሥቶ የኋለኛውንም ደንጊያ ሲከተለው ኖሯል።

የኋለኛው የወሎው፣ የደላንታ ኦፓል ነው። ከጋሸና ወደ ደቡብ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉበት አምባ ላይ፣ ወገል ጤና አጠገብ ፀሐይ መውጫ በሚባለው መንደር እ.ኤ.አ. በ2008 ተገኘ። ከላስታ እስከ ደላንታ ያለው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልትና በተከመረ የእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ነው፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ቤተ መቅደስ የፈለፈሉትም ከዚሁ የእሳተ ገሞራ ቁልል ላይ ነው። ኦፓሉ የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ፣ ውፍረቱ ከ1 ሜትር በማይበልጥ አንድ ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪው ከአምባው ጫፍ ይወርድና በዶማና በመሮ ወደ ውስጥ ይፈለፍላል። ድጋፍ የሌለው ዋሻ ተደርምሶ ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶች አሉ። ስለዚህ ደንጊያ ዋጋ የሚናገር ሁሉ ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ንብርብሩ በገደሉ ላይ ረጅም ርቀት ይዘረጋል፤ ስለዚህ ኦፓል በራሱ ደላንታ ላይ ብርቅ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከሚወጣው አብዛኛው ቀለም የማይጫወትበት ተራ ኦፓል ነው። ብርቁ ጥራቱ ነው። ኦፓል ውኃ ያዘለ ሲሊካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 አውስትራሊያውያን ሳይንቲስቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩት፣ በመደዳ የተደረደሩ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች አገኙበት። ብርሃን በእነዚህ መደዳዎች መካከል ሲያልፍ ወደ ቀለማት ይበተናል። እንክብሎቹ እኩል ካልሆኑ ወይም ከተዘበራረቁ ቀለም የለም። ትንንሾቹ ሰማያዊ ይሰጣሉ፤ ቀዩን የሚሰጡት ተለቅ ያሉት ብቻ ናቸው። ቀይ የሚያበራ ኦፓል ከሰማያዊው የሚወደደውም ስለዚህ ነው፦ ብርቅነትና ጥራት እዚያ ላይ ይገናኛሉ።

ነጋዴው ደንጊያውን በጣቶቹ መካከል የሚያዞረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለሙ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታይ ነው ወይስ ከየትም? ጥላ ውስጥም ያበራል ወይስ አምፖል ይፈልጋል? ነጠብጣብ ነው ወይስ ሰፋፊ መደብ? ስንጥቅ፣ አሸዋ፣ የሞተ ነጭ ጥግ አለበት? ሲቆረጥስ ምን ያህሉ ይቀራል? የተቆረጠ ኦፓል በካራት ይሸጣል፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ገንዘብ ይዛ ትሄዳለች።

የወገል ጤና ኦፓል አንድ የራሱ ጠባይ አለው፤ ውኃ ይጠጣል። ደረቁን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቢከቱት ደቃቅ አረፋ ይወጣዋል፤ ጠርዙ መጥራት ይጀምራል፤ ቆይቶ መላው እንደ መስተዋት ያሳልፍና ቀለሙ ይጠፋል። አውጥተው ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ሲተዉት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይመለሳል። በእርጥብነቱ ግን ክብደት ጨምሯል፤ እርጥብ ደንጊያ በግራም የገዛ ሰው ውኃ ገዝቷል። ዘይት፣ ሽቶና ማቅለሚያም በዚያው መንገድ ይገባሉ፤ እነሱ እንደ ውኃው በቀላሉ አይወጡም። በጥንካሬው ግን ስሙን አድሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ላይ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ኮንክሪት ላይ ተጥለው ያልተሰበሩ ናሙናዎች ተመዝግበዋል።

ውኃ የሚጠጣ ደንጊያ ለማጭበርበርም ይመቻል። በጭስ፣ ወይም በስኳርና በአሲድ ጠቁሮ እንደ ጥቁር ኦፓል ይቀርባል። ከወገል ጤና በስተሰሜን ስታይሽ ከሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተፈጥሮው የጠቆረ ኦፓል ወጥቷል፤ በጭስ የጠቆረው በብዛት በሚሸጥበት ገበያ ግን እውነተኛውም ይጠረጠራል። በእኔ ግምት ለወሎ ኦፓል ከመብዛቱ ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ነው። ሲበዛ ዋጋው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ስም ግን በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ መዘዞ ላይ አይተነዋል።

ሌላው ጉዳት መለየት ባለመቻል የሚመጣው ነው። ቆፋሪው ያወጣውን ምርጡንና ተራውን ቀላቅሎ በጅምላ ለደላላ ሲያስረክብ፣ ጥሬው ባብዛኛው ሕንድ ጃይፑር ይሄዳል፤ እዚያ ይለያል፣ ይቆረጣል፣ ይወለወላል። የዋጋው ትልቁ ክፍል የሚጨመረው በመለየቱና በመቁረጡ ላይ ስለሆነ፣ ገደል ለወረደው ሰው የሚደርሰው ትንሹ ነው። በቅርብ ዓመታት ጉጂ ሻኪሶ ላይ የወጣው መረግድና አክሱም አካባቢ የተገኘው ሰንፔርም ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

ኦፓል የምትሸጡ የላሊበላና የወገል ጤና ሰዎች፣ ደንጊያውን አድርቃችሁ መዝኑ፤ የጠቆረውን ጠቁሯል በሉ፤ ቀዩን ከሰማያዊው ለይታችሁ አስቀምጡ። የምትገዙም በጥላም በፀሐይም አዙራችሁ እዩት፣ በተፈጥሮው እንዲህ እንደሆነ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ላይም አስጽፉ። ቀለበት ካሠራችሁበት ልብስ ስታጥቡና ቅባት ስትቀቡ አውልቁት።