«ዛት» የሚቀርበትና የማይቀርበት ቦታ

በእንግሊዝኛ «አይ ኖው ዛት ሺ ኢዝ ሂር» ማለትም፣ «ዛት»ን ትቶ «አይ ኖው ሺ ኢዝ ሂር» ማለትም ይቻላል። ሁለቱም «እዚህ እንዳለች አውቃለሁ» የሚለውን ይገልጻሉ። አማርኛው ግን «እንዳለች» ውስጥ ያለውን «እንደ» መጣል አይፈቅድም። ስለዚህ አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው እንግሊዝኛ ሲጽፍ «ዛት»ን በየቦታው መክተት ይቀናዋል። ሰዋስው አያፈርስም፤ አነጋገሩን ግን ያከብደዋል።

ቃሉ በቀላሉ የሚቀረው እንደ «ሴይ»፣ «ቲንክ»፣ «ኖው» እና «ሆፕ» ካሉ የዘወትር ግሶች በኋላ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የሎንግማን የንግግርና የጽሑፍ እንግሊዝኛ ሰዋስው እንደሚያሳየው፣ በጭውውት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል፤ በምሁራዊ ጽሑፍ ግን መቅረቱ ብርቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የጊዜ ቃል መሐል ሲገባ ነው። «ዘ ሚኒስተር ሴድ ኦን መንደይ ዘ ስኩል ዉድ ክሎዝ» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ ሰኞ ሚኒስትሩ የተናገሩበት ቀን ይሁን ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት ቀን በእርግጠኝነት መለየት ያቅተዋል። «ዛት» ከ«መንደይ» በኋላ ቢገባ ንግግሩ የተደረገው ሰኞ ነው፤ ከ«ሴድ» ቀጥሎ ቢገባ ደግሞ ሰኞ የሚዘጋው ትምህርት ቤቱ ነው። የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያም በግሱና በተከታዩ ሐረግ መካከል የጊዜ ቃል ከገባ «ዛት» እንዲጻፍ ያዛል።

ስምን በሚገልጽ ሐረግ ውስጥ መለያው ቀላል ነው፤ ከ«ዛት» ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ማየት ይበቃል። «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት» (የገዛሁት መጽሐፍ) በሚለው ቀጥሎ ያለው «አይ» ባለቤት ስለሆነ «ዘ ቡክ አይ ቦት» ማለት ይቻላል። «ዘ ማን ዛት ኬም» (የመጣው ሰው) በሚለው ግን ወዲያው ግስ ይከተላል። እዚህ ላይ ቃሉ ከወጣ «ዘ ማን ኬም»፣ ማለትም «ሰውየው መጣ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ ገላጭነቱም ይጠፋል።

በ«ዛት» የሚመራው ሐረግ ዓረፍተ ነገሩን ሲጀምርም ቃሉ አይቀርም። በ«ኤንድ» የተያያዙ ሁለት ሐረጎች ሲኖሩ ደግሞ የመጀመሪያው «ዛት» ቢቀር እንኳ ሁለተኛውን መጻፍ ይመረጣል፤ አለዚያ ሁለተኛው ሐሳብ የተናጋሪው ይሁን የጸሐፊው አይታወቅም። ዜና፣ ውል ወይም ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው በተጠራጠረ ቁጥር ቃሉን ቢጽፈው ይሻላል።