መብራት ሄዶ ሲመጣ ባዶ ስለሚሆነው ፎልደር

ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ በዚህ ዕለት ያለፈ አንባቢ፤ ግመሉን እየነዳ ከቆላ የመጣው አፋር ከደጋው ገበሬ ጋር ሲገበያይ፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና አፋርኛው ባንድ ሜዳ ሲደባለቅ ሳያይ አልቀረም። በገበያ ሻጭ ሁሉ የለመደው ቦታ አለው፤ ደንበኛውም ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ይሄድለታል። ሻጩ አንድ ቀን ቦታውን የለወጠ እንደሆነ ግን ደንበኛው ወዲያ ወዲህ ብሎ «ዛሬስ አልመጣም» ሲል ይመለሳል። ዛሬ ጥቂት ልንጽፍበት ያሰብነው የቤት ሰርቨርም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እንዲሁ ነው።

የቤት ሰርቨር ማለት ሌላ አይደለም፤ ያረጀ ኮምፒዩተር ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሥርዓት ተጭኖበት፤ የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ፣ የልጆቹን መጻሕፍት በአንድ ሃርድ ዲስክ ይዞ ለየስልኩና ለየላፕቶፑ የሚያድል ማለት ነው። የማደሉን ሥራ የሚሠራው ሳምባ የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፤ በ1984 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ካንቤራ ከተማ አንድሩ ትሪጄል የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ነው። ስሙንም ያገኘው ኤስ፣ ኤምና ቢ የተባሉት ፊደላት በተራ የሚገኙበትን ቃል ከመዝገበ ቃላት አስፈልጎ ነው፤ ከጭፈራው ጋር ዝምድና የለውም።

እንግዲህ ፋይሉ አልከፈት ያለ ጊዜ በየቤታችን የሚሰማው ድምፅ «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው። ይህ ቃል የሌላውን ሁሉ ኃጢአት ሲሸከም ይኖራል። ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔትና የቤቱ ኔትወርክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ፤ መብራትና ራውተር ያለው ቤት የገዛ ፋይሉን ከገዛ ሰርቨሩ ከማንበብ የሚከለክለው አልነበረም።

ስለዚህ አስቀድሞ ፒንግ በተባለው ትእዛዝ ሰርቨሩን በአድራሻው መጥራት ነው። የማይመልስ ከሆነ፤ ምናልባት መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ሰጥቶት ይሆናል፤ በራውተሩ መዝገብ ቋሚ ቦታ ቢያዝለት ዳግመኛ አይጠፋም። ጥሪውን መልሶ ፎልደሩን የማይከፍት ከሆነ ደግሞ ሳምባ መነሣቱን፤ ፋየርዎሉም 445ኛውን በር አለመዝጋቱን መመልከት ይገባል። የይለፍ ቃል አልቀበል ካለም አይገርምም፤ ሳምባ የራሱን የይለፍ ቃል ከሊኑክሱ ለይቶ ይይዛልና። አሮጌ ቴሌቪዥን ብቻ ተለይቶ የሚቸገር ከሆነ የሚናገረው የጥንቱን ቋንቋ ነው፤ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ላይ የተዛመተው በዚያው ቋንቋ ቀዳዳ ሾልኮ ስለሆነ፤ ሳምባም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አስቀድሞ ዘግቶታል። ለአንድ ቴሌቪዥን ሲባል መልሶ መክፈቱን እኛ አንደግፍም።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ፎልደሩ ተከፍቶ ባዶ ሲሆን ነው። ሰንበቴ ውስጥ በአንድ መምህር ወዳጃችን ቤት ይህ ሲደርስ አይተናል። በዲስኩ ውስጥ በሞት የተለዩት እናቱ ድምፅ ነበረበት፤ ቅጂውም ሌላ የትም የለም። መብራት ሄዶ መጣ፤ ፎልደሩ ሲከፈት አንዳች ነገር የለበትም። ባለቤቱ አለቀሰች፤ ልጁ «ኔትወርክ የለም» አለ፤ እሱ ራሱ ዝም ብሎ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሊኑክስ ዘንድ ዲስክ ወደ ሥርዓቱ የሚገባው በአንድ ባዶ ፎልደር ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዲስኩ ሳይነጠፍ የቀረ እንደሆነ ሳምባ የሚያሳየው ባዶውን ወለል ነው። ፎልደሩ ከተከፈተ መንገዱም በሩም ደኅና ናቸው፤ የታጣው ዲስኩ ነው። ዲኤፍ የተባለው ትእዛዝ የተነጠፉትን ዲስኮች ስለሚዘረዝር ይህንኑ ባንድ አፍታ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ጥፋት «እንደገና እንሙላው» ብሎ መገልበጥ ነው። የመምህሩ ልጅ የፈተና ማስታወሻዋን በባዶው ላይ አስቀምጣ ኖሮ፤ ዲስኩ ሲመለስ የአያቷ ድምፅ ተገኘና የእሷ ማስታወሻ ተሰወረ። ከምንጣፉ ሥር ቀርቶ ነበር፤ ዲስኩን ለጊዜው አንሥተን አወጣንላት። ከዚያም ዲስኩ ሲነሣ በሚለዋወጠው ስም ሳይሆን በቋሚ መለያ ቁጥሩ እንዲመዘገብ፤ ወለሉም ያለ ምንጣፍ እንዳይጻፍበት እንዲከለከል ተደረገ። ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ዲስክ ተገልብጦ ከዘመድ ቤት ተቀመጠ።

የአማርኛ ስም ለሚወዱ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ጊዜ በሊኑክስ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። ዊንዶውስ ግን እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል። ስለዚህ የሙሽሮቹ ስም ከነአያታቸው የተጻፈበት የሠርግ ቪዲዮ ከላፕቶፑ ላይ ደኅና ሆኖ ሰርቨሩ አልቀበልም ሲል፤ ኔትወርኩን ከመውቀስ በፊት አያቶቹን ከስሙ ላይ መቀነስ ነው።